ዝምተኛዋ እህቴና ቁጡው ወንድሜ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዓምድዎን ከጓደኛዬ ጋር ሁሌ እናነባለን፤ ለመጻፍ የደፈርኩት ግን ዛሬ ነው።

የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው። ሠላሳ ዓመቴ ነው። አባታችን ካረፈ ወዲህ ቤቱን የያዝነው እናቴና እኔ ነን። ከእኔ በታች ሁለት አሉ። እህቴ 24 ዓመቷ ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ድምፅዋ አይሰማም። ተማሪ እያለች ደብተሯ ላይ አንድ ስርዝ ካየች ገጹን ቀድዳ እንደ አዲስ የምትገለብጥ ልጅ ነበረች። ወንድሜ 21 ነው፤ ባጃጅ ይነዳል። እሱ ሲስቅም ሲቆጣም ሰፈሩ ይሰማል። ተቆጥቶ በሩን ወርውሮ ይወጣል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሙዝ ገዝቶ ይመለሳል።

አምና በፍልሰታ ጾም እህቴ ራሷን ልታጠፋ ሞከረች። እግዜር ይመስገን ተረፈች። በዚያ ሰሞን ዕቁቧን ከፍላ ጨርሳ ነበር። የሰው መጽሐፍ መለሰች። የእናቴን ነጠላ አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ሣጥኑ ላይ አስቀመጠች። እኔ ደግሞ «ጎበዝ! ቤቱን አሳመርሽው» አልኳት። ወንድሜ ያኔ ለሥራ መተማ ስለነበር «ጨጓራዋን አሟት ነው» አልነው። እስከ ዛሬ አያውቅም።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ እሱ። መንገድ ተዘግቶ ባጃጁ ቀናት ቆመ። በዚያ ላይ ከባለንብረቱ ጋር በስልክ ተጨቃጨቀ፤ ማታ ከእናቴ ጋር በገንዘብ ተጋጨና ወጣ። እንደ ልማዱ ይመለሳል ብለን ራቱን ከድነን አስቀመጥንለት። ጎረቤት ባይደርስለት ኖሮ ዛሬ ሌላ ነገር ነበር የምጽፍልዎት። ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ወጣ።

ዘመድ ሁሉ «እሷ የምሯን ነበር፤ እሱ ግን ሊያስፈራራችሁ ነው» ይላል። አጎቴ «ፖሊስ ይጠይቀዋል፣ ደግማችሁ ሆስፒታል እንዳትወስዱት» አሉ። እናቴ ቤታችን ላይ የተደረገ ነገር አለ ብላ ሁለቱንም ጠበል ልትወስድ ተነሥታለች። ጓደኛዬ ስለ አራቱ የሰው ጠባያት የሚናገር ጽሑፍ በቴሌግራም ላከችልኝ። በዚያ መሠረት እህቴ ሜላንኮሊክ (ዝምተኛና ሐዘንተኛ)፣ ወንድሜ ኮሌሪክ (ቁጡ) ናቸው፤ ራሳቸውን የሚያጠፉትም ሜላንኮሊኮቹ ናቸው ይላል። ታዲያ ወንድሜስ? እሱ ደግሞ ስመክረው «ቴዎድሮስስ መቼ እጁን ሰጠ!» እያለ ይስቃል። እኔ ግን አያስቀኝም።

እህቴ አሁን ረጋ ብላለች። ልደሰት ወይስ ልፍራ? ከሁለቱ ይበልጥ መጠበቅ ያለብኝ ማንን ነው? ለወንድሜስ የእህቱን ነገር ልንገረው? ሌሊት ሌሊት እየተነሣሁ የሁለቱንም ትንፋሽ አዳምጣለሁ።

እታለም ነኝ፣ ከጎንደር። ሁለቱም የሚጠሩኝ እንዲህ ነው።

መልስ

እታለም፣ ካልከፋሽ እኔም እንደ እነሱ ልጥራሽ።

ወደ ጥያቄዎችሽ ከመሄዴ በፊት የማይቆይ ነገር አለኝ። ወንድምሽ ከሆስፒታል ከወጣ ገና ብዙ አልሆነውም። ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ የተረፈ ሰው ለአደጋ ይበልጥ የሚቀርበው ከሆስፒታል በወጣባቸው የመጀመሪያ ሳምንታትና ወራት ነው። ቤተሰብ «እፎይ» የሚለውና የሚዘናጋውም በዚያው ጊዜ ነው። ቀጠሮ ተሰጥቶት ከሆነ አይለፈው። ካልተሰጠው ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስላለው ይዘሽው ሂጂ፣ የሆነውንም ሳትሸፋፍኚ ንገሪያቸው። ከሁለቱ አንዳቸው ማታም ይሁን ሌሊት «መኖር በቃኝ» ካሉሽ፣ ወይም ሁኔታቸው ካስፈራሽ፣ ብቻቸውን አትተያቸው፤ ሳይነጋ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።

ሕጉ አጎትሽ እንደፈሩት አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን የሚቀጣው ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ የሚገፋፋውን ወይም የሚረዳውን እንጂ ሞክሮ የተረፈውን ሰው አይደለም። ይህንን በአክብሮት ንገሪያቸው። ስንት ቤተሰብ በዚህ ፍርሃት ሕመምተኛውን ቤት ዘግቶ እንደሚያስታምም ቁጥሩን አላውቅም፤ ብዙ መሆናቸውን ግን ደብዳቤዎች ይነግሩኛል።

አሁን ወደ ጠባይ እንምጣ። ጓደኛሽ የላከችልሽ የአራቱ ጠባያት ነገር የጥንት የግሪክ ሐኪሞች ሐሳብ ነው። የሰው ጠባይ የሚመጣው በሰውነት ውስጥ ካሉ አራት ፈሳሾች መብዛትና ማነስ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሕክምናው ያንን እምነት ከተወው ቆየ። ለጨዋታ ይሆናል፤ ከጓደኛ ጋር «አንቺ እንዲህ ነሽ፣ እኔ እንዲያ ነኝ» ብሎ ለመሳሳቅ። የምትወጃቸውን ልጆች ለመጠበቅ ግን አትደገፊበት። «ሜላንኮሊኮቹ ናቸው» ያለሽ ሰው ወንድምሽን እንዳታይው አድርጎሻል።

ይህ ማለት ግን ጠባይ ከነገሩ ጋር ግንኙነት የለውም ማለት አይደለም። ሮበርት ክሎኒንገር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ አብሮን የሚወለደውን ጠባይ ለመመዘን መለኪያ አዘጋጅቶ ነበር። አዲስ ነገር የመፈለግ ጉጉት፣ ጉዳትን አስቀድሞ የመፍራትና የመሸሽ ዝንባሌ፣ የሰውን ፍቅርና ምስጋና የመሻት ነገር፣ እንዲሁም ጽናት ይመዘኑበታል። በዚህ መለኪያ ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩ ሰዎች ተጠንተዋል፤ በአማካይ ሲታዩ ጉዳትን በመፍራቱ ከሌላው ሰው ከፍ፣ «ሕይወቴን የምመራው እኔ ነኝ» በሚለው ስሜት ደግሞ ዝቅ ብለው ይገኛሉ። ሌሎች ጥናቶች ግልፍተኝነትን፣ ችኩልነትን፣ ተስፋ መቁረጥን፣ ሁሉን ነገር ያለ እንከን ካልሠራሁ ባይነትን ያነሣሉ።

አየሽ፣ በዚህ ዝርዝር ውስጥ እህትሽም አለች፣ ወንድምሽም አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም አለሁበት። ለዚህ ነው «አማካይ» የሚባለው ነገር ቤት ውስጥ ሲገባ የማይጠቅመው፤ እንዲህ ዓይነት ጠባይ ኖሯቸው አንድም ቀን ራሳቸውን ለማጥፋት ያላሰቡ ሰዎች እጅግ ይበዛሉ። ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ብዙውን ጊዜ ሰዎቹ የሚጠየቁት ከሞከሩ በኋላ፣ ገና በሐዘንና በሕመም ውስጥ ሆነው ነው። በድብርት የተያዘ ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ «ፈሪ ነኝ፣ ምንም አልችልም» ይላል። ያ የቆየ ጠባዩ ነው ወይስ ሕመሙ እየተናገረ ነው? ለይቶ ማወቅ ለሐኪም እንኳ ቀላል አይደለም።

ስለዚህ «ማንን ልጠብቅ?» ላልሽኝ መልሴ ሁለቱንም ነው። ጠባያቸው ማን እንደሚሞክር አይነግርሽም። ክፉው ሰዓት በየትኛው በር እንደሚገባ ግን ሊጠቁምሽ ይችላል። ለሁለቱ የምታደርጊው የተለያየ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ከእህትሽ እንጀምር። በደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ያቆመኝ ያ የተጣጠፈው ነጠላ ነው። ዝምተኛና ጥንቁቅ ሰው ሲከፋው አይጮህም፤ ነገሩን ያስተካክላል። ዕዳ ይከፍላል፣ የሰው ዕቃ ይመልሳል፣ «ከእኔ በኋላ ማንም እንዳይቸገር» ብሎ ያሰናዳል። ያንን አይተሽ «ጎበዝ» ማለትሽ ሊጸጽትሽ አይገባም። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ነበረች፤ ከወትሮው በምን ተለየ ብለሽ ትጠረጥሪያለሽ? ከእንግዲህ ግን ምልክት አድርገሽ ያዢው። ያለ ምክንያት ነገር መዝጋት፣ ዕቃ ማደል፣ መሰናበት የሚመስል ነገር ካየሽ ያንኑ ዕለት ጠይቂያት።

እርጋታዋን በተመለከተ ሁለት ዓይነት እርጋታ አለ። አንደኛው የመዳን ነው። ሁለተኛው ከረጅም ጭንቀት በኋላ ድንገት የሚመጣ፣ ውስጥ ውስጡን የተወሰነ ነገር እንዳለ የሚያሳይ እርጋታ ነው። እንዴት ልለየው ካልሽ፣ በእኔ እይታ የዳነ ሰው ይነጫነጫል። ወጡ ጨው አነሰው ይላል፣ ለእንቁጣጣሽ ልብስ ያስባል፣ ስለ አለቃው ያማል፣ አንድ ነገር ይፈልጋል። እህትሽ የምትፈልገው ነገር አላት? ስለሚመጣው ወር ታወራለች? ወይስ ሁሉም ነገር «እሺ፣ ደግ» ብቻ ሆኗል? ሁለተኛው ከሆነ አትጠብቂ።

አምና መድኃኒት ታዞላት ከሆነስ አሁን ትወስዳለች? እንደ እሷ ያሉ ሰዎች «ትንሽ ተሽሎኛል፣ ራሴን መቻል አለብኝ» ብለው ለማንም ሳይናገሩ ያቆሙታል። የድብርት መድኃኒት ሥራውን ለመጀመር ሳምንታት ይፈልጋል፤ በተለይ ከ25 ዓመት በታች ያሉ ወጣቶች ሲጀምሩትና መጠኑ ሲለወጥ በቅርብ መታየት አለባቸው። ማቆሙም ቢሆን ከሐኪም ጋር ተመካክሮ ነው።

አሁን ስለ እናትሽ ትንሽ ልናገር፤ በፍቅር ነው። «አንቺማ አታሳፍሪኝም» የሚባል ነገር በቤታችሁ ይባላል? በብዙ ቤት ይባላል። ዝምተኛዋ ልጅ ላይ ሁሉም ሰው ዕቃውን ይጭንባታል፤ አትናገርማ። ሰዎች ከእኔ እንከን የሌለው ነገር ይጠብቃሉ ብሎ ማመን ራስን ከማጥፋት ሐሳብ ጋር እንደሚያያዝ ጥናቶች ያሳያሉ። የቤቱን ወጪ የምትጽፈው፣ የወሩን አስቤዛ የምታሰላው እሷ ከሆነች አንዱን ከላይዋ አንሱላት። አንድ ቅዳሜ ልብስ ሳይታጠብ ይዋል። ሰማይ እንደማይደፋ እሷም ትይ፣ እናታችሁም ትይ።

እንዴት እንደምታናግሪያት እንደሚጨንቅሽ አውቃለሁ። እናትሽ ባሉበት አይሁን። ፊት ለፊት ተቀምጣችሁም አይሁን፤ ቡና ስትለቅሙ ወይም ሽንኩርት ስትከትፉ፣ ዓይኗ ሌላ ነገር ላይ ሲሆን። ከዚያ በቀጥታ፦ «አንዳንድ ጊዜ ራስን የማጥፋት ሐሳብ አሁንም ይመጣብሻል?» በያት። መጠየቅሽ ሐሳቡን አያመጣባትም። ይህ በተደጋጋሚ ተጠንቷል፤ ብዙ ሰው ሲጠየቅ ይቀለዋል። «አዎ» ካለችሽ አትደንግጪ፣ አታልቅሺ፣ አትምከሪ። «ስለነገርሽኝ ደስ ብሎኛል። መቼ መቼ ነው የሚብስብሽ?» በያትና ዝም በይ። ዝምታዋ ቢረዝም አትሙይው። ለእሷ ዓይነት ሰው መልስ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ ምናልባት ማግስቱን በጽሑፍ መልእክት።

ወንድምሽ ጋ ስንመጣ፣ በመጀመሪያ «ሊያስፈራራ ነው» የሚለውን ንግግር ከቤታችሁ አስወጡት። በንዴት የሞከረ ሰው አልመረረውም ማለት አይደለም። በኦስትሪያ 82 ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩ ሰዎች ተጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት፣ ግማሽ ያህሉ ሐሳቡ ከመጣባቸው እስከ ሞከሩበት ያለው ጊዜ ከ10 ደቂቃ አይበልጥም ብለዋል። 10 ደቂቃ! እናንተ ራቱን ከድናችሁ ስታስቀምጡ ማለት ነው። ያንን ያህል አጭር መሆኑ ያስፈራል፤ ተስፋም አለው። ቀሃ ወንዝ በክረምት ድንገት ሞልቶ ሲመጣ አይተሽ የለ? የሚያስፈልገው ዳር ላይ ቆሞ እስኪጎድል መጠበቅ ነው። የወንድምሽም ክፉ ሰዓት እንደዚያ ነው፤ ያቺን ሰዓት የሚያሳልፈው ሰውና ነገር ካገኘ ሙዙን ገዝቶ ይመለሳል።

ለዚህ ከሁሉ የሚቀድመው ቤቱን ማጽዳት ነው። በግቢያችሁ ያለ ማንኛውም መድኃኒት፣ የእናትሽን ክኒን ጨምሮ፣ የእህልና የተባይ መድኃኒትም ሆነ ሌላ አደገኛ ነገር ካለ፣ ወይ ይወገድ ወይ ይቆለፍ። ቁልፉ አንቺ ጋ ይሁን። ይህ ለእህትሽም ይጠቅማል። አንዳንዱ «የፈለገ ሰው ሌላ መንገድ አያጣም» ይልሻል፤ ጥናቱ እንደዚያ አይልም። አደገኛው ነገር ከእጅ ሲርቅ ሰዓቱ ያልፋል፤ ሰዓቱ ሲያልፍ ደግሞ ብዙ ሰው ይኖራል። ሞክረው ከተረፉት መካከል አብዛኞቹ ከዚያ በኋላ በራሳቸው እጅ አይሞቱም።

ሁለተኛው መጠጥ ነው። ያን ዕለት ማታ ጠጥቶ ነበር? አልጻፍሽልኝም። አረቄውም ጠላውም ቢራውም በሐሳብና በድርጊት መካከል ያለውን ርቀት ያሳጥሩታል፤ ግልፍተኛ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። እንቅልፍ ማጣትም እንደዚሁ። ሲረጋጋ፣ በባጃጁ ጎኑ ተቀምጠሽ፣ ዓይኑ መንገድ ላይ እያለ አውሪው። ቤት ውስጥ ተቀምጦ «ና እንነጋገር» ቢባል የሚሸሽ ይመስለኛል። «ያን ማታ በሩን ከዘጋህ በኋላ ምን ሆንክ? ምን ይሻልህ ነበር?» በይው። መልሱ ካንቺ ግምት የተለየ ሊሆን ይችላል። ከዚያ አንድ ስምምነት አድርጉ፤ ተቆጥቶ ሲወጣ ከባጃጅ ጓደኞቹ አንዱ፣ እሱ ራሱ የመረጠው፣ ይደወልለታል። ያ ሰው አይመክርም፣ አይቆጣም፤ አብሮት ይቆያል። የገንዘብ ወሬ ደግሞ ማታ ማታ አይነሣ፤ እናትሽን በዚህ ለምኚያቸው። ባጃጁ በቆመባቸው ቀናት የቀን ገቢው እንዴት እንደሚሆን ከባለንብረቱ ጋር አጎትሽ ቢነጋገሩለት ከብዙ ምክር ይበልጣል። ነገሩ ሁሉ ጠባይ አይደለማ፤ ሥራ የቆመበት ወጣት ነው።

የቴዎድሮስን ነገር ልለፈው ብዬ ነበር፤ ጎንደር ላይ ግን አይታለፍም። መቅደላ በ1860 ዓ.ም. የሆነው በእንግሊዝ ጦር የተከበበ ንጉሥ ታሪክ ነው። ዘፈኑና ፉከራው ስለ ጀግንነቱ እንጂ ሰባት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው ወደ ባዕድ አገር ስለተወሰደውና በ18 ዓመቱ እዚያው ስለቀረው ስለ ልጁ ስለ ዓለማየሁ ብዙ አያወራም። ይህንን ለወንድምሽ መመለስ ትችያለሽ፤ ግን አትመልሺለት። ታሪክ መከራከር ስትጀምሩ እሱ ከአንቺ ይሻላል፣ ነገሩም ይድበሰበሳል። ይልቅ ሳቁን ጠብቂለትና «ስትቀልድ ነው ወይስ እየነገርከኝ ነው?» በይው። ቀልድ ውስጥ ደብቆ እየነገረሽ ሊሆን ይችላል።

ጠበሉን አልቃወምም። እናትሽ ከልጆቻቸው አልጋ አጠገብ ቆመው ማድረግ የሚችሉት እሱ ሲሆን እንዴት «ይቅር» ይባላል? ሁለት ነገር ብቻ ለምኚያቸው። ጠበል ሲሄዱ መድኃኒቱ አይቋረጥ፤ የሐኪም ቀጠሮ በሱባኤ ምክንያት አይለፍ። የንስሐ አባታችሁ ይህንን በአፋቸው ቢነግሯቸው ካንቺም ከእኔም ይሰማሉ። ልጆቹ ላይ ደግሞ «የተደረገባችሁ» የሚለውን ቃል ባያበዙባቸው ደስ ይለኛል፤ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው መታመሙ እንግዳ ነገር አይደለም። ይህ ነገር በቤተሰብ ውስጥ የመደጋገም ዝንባሌ አለው፤ ከፊሉ በዘር፣ ከፊሉ አብሮ በመኖርና አብሮ በማዘን። ዕጣ ፈንታ ግን አይደለም። እንዲያውም ሐኪሙ ቀድሞ ማወቅ ከሚገባው ነገር አንዱ ነው።

አንድ ወረቀትም አለ። ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ በገዛ እጃቸው የሚጽፉት፣ ከተቻለ ከሆስፒታሉ ባለሙያ ጋር። ክፉው ሰዓት ሲመጣ በምን አውቀዋለሁ? ብቻዬን ምን ባደርግ ይቀለኛል? የት ብሄድ፣ ከማን ጋር ብሆን ሐሳቤ ይበተናል? እርዳኝ ብዬ ለማን እደውላለሁ? የትኛው ሕክምና ቤት እሄዳለሁ? ከቤት ምን ይራቅ? የእህትሽ ወረቀት ላይ «ዕቃ ማስተካከል ስጀምር» የሚል ይኖር ይሆናል፤ የወንድምሽ ላይ «ጆሮዬ ሲግል»። የእሱ አጭር ይሁን፣ በስልኩ ፎቶ ተነሥቶ ይቀመጥ፤ በንዴት ሰዓት ረጅም ነገር አያነብም። እሷ ደግሞ አሳምራ ለመጻፍ ስትል ሦስት ጊዜ እንዳትገለብጠው ተመልከቻት!

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መደወል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአምስት አገሮች፣ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው ሆስፒታል የመጡ 1,867 ሰዎችን ያካተተ ጥናት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ2008 አውጥቶ ነበር። ግማሽ ያህሉ የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ። ለሌሎቹ አንድ ሰዓት ያህል የምክር ጊዜ ተጨመረላቸው፤ ከዚያም በ18 ወር ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ በስልክ ወይም በአካል «እንዴት ነህ፣ እንዴት ነሽ» ተባሉ። የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት 2.2 በመቶው ራሳቸውን አጠፉ፤ ከተጠየቁት ደግሞ 0.2 በመቶው። አንድ ሰዓት ምክርና ዘጠኝ ጊዜ መጠየቅ ብቻ! የአክስት ልጆች፣ የሰፈር ሰው፣ የሥራ ባልደረባ ቀን ተከፋፍለው መጠየቁን ሊያደርጉት ይችላሉ። ሁሉንም ካንቺ የሚጠብቅ የለም።

ይህን ስል ሌሊት የምታዳምጪው ትንፋሽ ትዝ ይለኛል። አንቺስ መቼ ነው የምትተኚው? አባትሽ ካረፉ ጀምሮ ማን ነው «እታለም፣ እንዴት ነሽ?» የሚልሽ? ሆስፒታል ወንድምሽን ይዘሽ ስትሄጂ ስለ ራስሽም አንድ ነገር ተናገሪ፤ እንቅልፍ እንደሌለሽ። ሌሊቱን ከእናትሽ ወይም ከአክስት ልጅ ጋር በተራ ተካፈሉት።

የመጨረሻው ጥያቄሽ፣ ለወንድምሽ የእህቱን ነገር ልንገረው ወይ ያልሽው፣ ከባድ ነው። «ጨጓራ ነው» ማለታችሁ ያኔ ልጁን ላለማስደንገጥ ነበር፤ ይገባኛል። አሁን ግን እሱ በዚህ ቤት ከእኔ በስተቀር ሁሉም ደኅና ነው፣ ቤቱን ያዋረድኩት እኔ ነኝ ብሎ የሚያስብ ከሆነ ያ ውሸት እየጎዳው ነው። በሌላ በኩል ገና ቁስሉ አልደረቀም፤ ድንገት ቢሰማው «እህቴን እኔ ሳልኖር» ብሎ ራሱን ሊወቅስ ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን ምሥጢሩ ያንቺ አይደለም፤ የእሷ ነው። ስለዚህ ለእሱ ከመናገርሽ በፊት እሷን ጠይቂያት፦ «ወንድማችን ቢያውቅ ምን ይሰማሻል? ራስሽ ብትነግሪው ትመርጫለሽ? እኔ ልንገርልሽ? ወይስ አሁን አይሁን?» «አይሁን» ካለች ተይው፤ ከአንድ ወር በኋላ መልሰሽ ትጠይቂያታለሽ። «እሺ» ካለች ደግሞ ከሐኪሙ ቀጠሮ በኋላ ይሁን፣ ቀን ላይ፣ አንቺ ባለሽበት፤ በምን እንደሞከረች መዘርዘር ሳያስፈልግ፣ ምን ተሰምቷት እንደነበርና ምን እንደረዳት ብቻ።

ሐኪሙ ግን እህትሽ እስክትወስን የሚጠብቅበት ምክንያት የለም። የወንድምሽ ቀጠሮ ላይ «በቤተሰብ ሌላ ሰው ሞክሮ ያውቃል?» ብለው ይጠይቋችኋል። ወንድምሽ ካጠገብሽ ከሆነ «ለብቻዬ የምነግርዎት ነገር አለ» በያቸውና ወደ ውጭ ወጣ ብለሽ ንገሪያቸው።